በጋጣ ውስጥ ዝም ያለው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን ረፋዱን የማሳልፈው እዚያ ነው፤ ሻይዋ ቅመም ይበዛባታል፣ ፓስቲው ግን ደህና ነው። የጋራዡ ልጆች አንድ ያረጀ ሞተር ሳይክል እየገፉ ወደ ደጅ አወጡ። አንደኛው መርገጫውን ደጋግሞ ረገጠው፤ ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ በአራተኛው ተነሣ። ቤንዚንና ዘይት ደባልቆ የሚጠጣ የድሮ ሞተር ድምፅ የአሁኖቹን አይመስልም። ቀጭን ነው፣ ችኩል ነው፣ በመሀል በመሀል ይንተባተባል። ራሴን ሳውቅ ሁለቱም እጆቼ ጆሮዬ ላይ ናቸው፣ ሻዩ ሱሪዬ ላይ ፈሷል።

«ጋሼ፣ ምነው? ሞተር አይተው አያውቁም እንዴ?» አለችኝ ሻይ የምትቀዳው ልጅ እየሳቀች።

አውቃለሁ አልኳት። እንዲያውም በወጣትነቴ አንድ ሞተር ጠግኜ አስነሥቻለሁ አልኳት። «አይመስሉም» ብላ ጨርቅ አቀበለችኝ። የቀረውን አልነገርኳትም።

እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያደግሁት መንዲ፣ አያቴ ዘንድ ነው። እናቴ እኔን ከወለደች በኋላ ብዙም አልቆየችም። አባቴ ዲንሳ ወደ ባምባሲ ተሻግሮ ማርና ሰሊጥ ከገበያ ገበያ እየገዛ ይነግድ ነበር፤ ቤት ሠርቶ ሲረጋጋ መጥቶ ወሰደኝ። ያገኘሁት አባት ዝምተኛ ሰው ነበር። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጣል፤ መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይወጣም። የትም ይሂድ የትም በእግሩ ነው። የጭነት መኪና አጠገቡ ቆሞ «ዲንሳ፣ ና ውጣ» ሲሉት እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ ያሳልፋቸዋል። እኔ ንፉግነት ይመስለኝ ነበር። ልጅ በአባቱ ላይ ለመፍረድ መቼም ይቸኩላል።

በዓመት አንድ ቀን ግን ይህ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ጢሙን ይላጫል፣ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል። ቀኑ ኢድ ነው። እኛ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ኢድ የጎረቤት በዓል እንጂ የእኛ አይደለም። አባቴ ግን ስኳርና ሻይ ቅጠል በትከሻው አንግቶ፣ ጠቦቱን እኔ እንድጎትት አስይዞኝ፣ ከባምባሲ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ወደሚገኝ አንድ የበርታ መንደር ይወስደኛል። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ። የሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወርደው ከሆነ አፈሩ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ያከብዳል። የምንሄደው ሼህ እድሪስ ቤት ነው። ገና ግቢው በር ስንደርስ የሼሁ ሚስት እማማ አስያ ማንቆርቆሪያ ይዘው ይወጣሉ። ብዙ ሴት ልጆች በግቢው እያሉ የአባቴን እጅ የሚያስታጥቡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቀስ አድርገው ያፈሳሉ፣ አባቴም አቀርቅሮ ቀስ አድርጎ ይታጠባል። ከዚያ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይቀርባል። እኔ ከበላሁ በኋላ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቼ ሆዴ እስኪነፋ ማንጎ እበላ ነበር።

አንድ ጊዜ ስንመለስ «ከሼህ እድሪስ ጋር በምን እንዛመዳለን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቤተሰብ ናቸው» አለኝ።

«በእናቴ በኩል ነው?»

«ቤተሰብ ናቸው አልኩህ እኮ።»

አሥራ ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት የአባቴ እግሮች ያብጡ ጀመር። ዝሆኔ ነው አሉ። ቆዳው እንደ ዛፍ ልጥ ሸካራ ሆነ፤ ጫማ አልገባ ብሎት የጎማ ጫማውን ጎን በቢላ ቀዶ ነበር የሚያደርገው። ለሕክምና ነጆ ወዳለችው እህቱ ዘንድ ሄዶ አንድ ወር ሊቆይ ተስማማ። ሲሄድ ያሳሰበው ቤቱም ንግዱም አልነበረም። «ለኢድ እደርሳለሁ» አለኝ። ከዚያም እግሩን አየና «መድረስ አለብኝ» አለ። ያን ዕለት ያ ቀን ለእሱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በዚያ እግር ሦስት ሰዓት እንደማይሄድ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ከግቢያችን ጀርባ አንድ ጋጣ አለ። ላሞቻችን በገንዲ በሽታ ካለቁ ወዲህ ባዶ ነው፤ ባዶ ቢሆንም የከብት ሽታው አልለቀቀውም። አባቴ በሄደ በሳምንቱ አጥር ለመጠገን ቀርከሃ ፈልጌ ገባሁና ከወደ ውስጥ ያለውን ግድግዳ መንቀል ጀመርኩ። ሦስት አራት ቀርከሃ እንደነቀልኩ ከኋላው ሌላ ክፍል እንዳለ አየሁ። ከሸራና ከማዳበሪያ ከረጢት ሥር ሞተር ሳይክል ነበረ።

ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ያስቀመጠው ዕቃ አይቼ አላውቅም። ጎማዎቹ ተፈትተው ከጣራው ተንጠልጥለዋል። ካቴናው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሏል። የነዳጁ ጋን ባዶ ነው። የጭስ ማውጫውና እሳት የሚጭረው ካንዴላ የነበረበት ቀዳዳ በሰም ተደፍነዋል፤ የማር ነጋዴ ቤት ሰም አይጠፋም። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ አይቼ፣ አባቴ ሞተሩን ከዝገት ለማዳን ብሎ የደፈነው መሰለኝ። አንድ ቀን ሊነዳው ተመኝቶ አቅም ያጠረው መሰለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። ጠግኜ አቆየውና አባቴ ኢድ ቀን ኋላዬ ተቀምጦ፣ እግሩን ሳያደክም ሼህ እድሪስ ቤት ይደርሳል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የልጅነት ደግነቴ አስለቀሰኝ።

ባምባሲ ገበያ ዳር ሰይድ የሚባል መካኒክ ነበር። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ገጠር ከቆየ በኋላ ገና በዚያው ዓመት ወደ ከተማ የገባ ሰው ነው። ሞተሩን በተዋስኩት ጋሪ አምጥቼ ሳሳየው ዞሮ ዞሮ አየውና ሳቀ።

«ወንድምዋ፣ ይኸ እኮ አልሞተም» አለኝ። «አፍነውት ነው እንጂ!»

«ይነሣል?»

«ወላሂ ይነሣል። አንተ ብቻ እጅህን አትሰስት።»

አልሰሰትኩም። ከትምህርት ቤት መልስ ሰይድ ዘንድ ነበር የምውለው። ሰሙን በፈላ ውሃ እያቀለጥን ስናወጣ ጋራዡ ማር ማር ሸተተ። ጋኑ ውስጥ ጠጠርና ነጭ ጋዝ ጨምረን እየናጥን ዝገቱን አጠብን። ካርቡሬተሩን በታትኖ አንድ በአንድ በአፉ እየነፋ ሲገጥም ትንፋሼን ይዤ አየው ነበር። የጎማውን ከመነዳሪ በስድስት ቦታ ለጠፍን። እኔ ድርሻዬ በብርጭቆ ወረቀት ዝገት መፈተግ ነው፤ ጣቶቼ ደም እስኪያዝሉ ፈተግኩ፣ ከሥሩ ቀዩ ቀለም ሲወጣ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ጭሱ በሚወጣበት ማርሚታ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ብቻ አልበየድናትም። «ድምፁን ታጣፍጥለት፣ ተዋት» አለኝ ሰይድ። ለድካሙ አንድ ቅል ማር ሰጠሁት።

የተነሣ ዕለት በደስታ እየነዳሁ ሰፈራችን ገባሁ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። አሮጊት ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ዘመን ወደ ባምባሲ የመጡ። ድምፁን ሰምተው ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ፍልፍሉን እዚያው ጥለው ቤታቸው ገብተው ዘጉ። ጩኸቱ ያወካቸው መስሎኝ አጠፋሁት። አመሻሹ ላይ መጡና ደጃፌ ቆመው አልገባም አሉ።

«አባትህ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ አዴ። ሲመጣ ላስደስተው ነው።»

«አባትህ እስኪመጣ ከጋጣው አታውጣው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«አታውጣው ብቻ» አሉና ሄዱ። ምነው ባስጨነቅኋቸው እላለሁ አሁን። ቢጨነቁም ግን አይናገሩም ነበር፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

ለኢድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከነጆ የመጣ ሹፌር የአባቴን መልእክት አደረሰኝ። እግሩ ቆስሎ ሐኪሙ አልለቀውም ብሏል። ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን እኔ እንዳደርስ፣ ጠቦቱን እንዳልረሳ። ሹፌሩ መኪናው ላይ ወጥቶ ሞተር ካስነሣ በኋላ መለስ አለና «በእግርህ ሂድ ብሎሃል» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ።»

በእግርህ ሂድ ማለቱን እንደ አባት ቁጥብነት ቆጠርኩት። የእሱን ንፉግነት የሚሽር ስጦታ በእጄ እያለ ለምን እደክማለሁ?

የኢድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጠቦቱን በከረጢት አስገብቼ አንገቱን ብቻ አውጥቼ ከኋላዬ አሠርኩት፤ መንገዱን ሙሉ እየጮኸ አጀበኝ። ስኳሩ ከፊቴ ነው። አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች እየተከተሉኝ ሮጡ። ወደ መንደሩ ስቃረብ በርታዎች በበዓል የሚነፏቸው የቅል ጥሩንባዎች ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ሰዉ ወጥቶ ይጨፍራል። እኔም ሁሉም እንዲያየኝ ነዳጅ ሰጠሁት። ያ ቀጭን ድምፅ በቀርከሃው መሀል ሲያስተጋባ ጥሩንባዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። መምጣቴን አክብረው መሰለኝ።

መንገዱ ዳር ሰዎች ቆመዋል። ማንም ሰላም አላለኝም። ከመሀላቸው እማማ አስያ ወጡ። ማንቆርቆሪያ አልያዙም። ወደ እኔ ሳይሆን ከመንገዱ በስተግራ ወዳለው የማሽላ ማሳ ሮጡ፤ አንድ ነገር ለመያዝ እንደሚሮጥ ሰው እጃቸውን ዘርግተው። «ሐዋ! ሐዋ!» ይሉ ነበር። ማሳው ውስጥ ማንም አልነበረም። ተመለሱና አፈር ዘግነው ደረቴ ላይ ወረወሩት። በበርታኛ የተናገሩትን አልገባኝም፤ የአባቴን ስም ግን ሰማሁ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ።

ሼህ እድሪስ ቀርበው መሪውን ያዙት። «አጥፋ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሞተር አጥፋ።»

አጠፋሁ። ጠቦቱ ብቻ ይጮህ ነበር። ወስደው ከማንጎው ሥር አስቀመጡኝ። አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አባትህ አልነገረም?»

«ምኑን?»

«ሐዋ የኛ ልጅ ነበር። ሰባት ዓመት። ከማሽላ ውስጥ ሮጦ ወጣ። አባትህ በዚህ ሞተር መጣ።» እጃቸውን በእጃቸው መቱ። «አባትህ አልሸሸም። ልጁን ተሸክሞ ለእናቱ ሰጠ። ራሱ ሰጠ።»

የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ደም ካሳ ይከፈል ሲባል እማማ አስያ አልቀበልም ብለዋል። የልጄን ዋጋ አልበላም፤ ያንን ድምፅ ብቻ ዳግም እንዳልሰማ፣ ሰውየውም ወደ እኔ ሲመጣ በእግሩ ይምጣ ብለዋል። ከዚያ በቁርአን ይቅር አሉ። አባቴም ድምፁን ላያሰማ፣ በእግሩ ሊመጣ በመጽሐፍ ቅዱስ ማለ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ነገሩን ቀበሩት፦ ዕርቅ ወርዷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር በአፉ የሚያነሣ ከሁለቱም ወገን ይወጣ። አዴ ጫልቱ ደጃፌ ቆመው ያልተናገሩት ለዚህ ነው። አባቴም ለእኔ ያልነገረኝ ለዚህ ነው። እኔ ያኔ መንዲ፣ አያቴ ዘንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ጠቦቱን ፈትቼ ስኳሩን እዚያው ማንጎው ሥር አስቀመጥኩ፤ ማንም አልነካውም። ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ባምባሲ ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ ይጎትተኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይቀድመኛል። አባቴ ያን ጊዜ ይህንኑ መንገድ ይህንኑ ብረት እየገፋ መመለሱን ሳስብ አለቀስኩ። የእሱ ሸሚዝ ላይ ደግሞ የሐዋ ደም ነበረበት።

አባቴ በአራተኛው ቀን ደረሰ። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ወደ ጋጣው ልመልሰው አልደፈርኩም ነበር። በትሩን ተደግፎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ደረስክ?» አለኝ።

«ደረስኩ።»

«በዚህ?»

«በዚህ፣ አባዬ።»

ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ቀለሙን በመዳፉ ዳሰሰው። «ብሸጠው ሌላ ሰው ያስጮኸዋል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። «ልሰብረው ሄጄም እጄ አልታዘዝ አለኝ። መስበር ነበረብኝ።» በማግስቱ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሼህ እድሪስ ቤት ሄደ። ልከተልህ አልኩት፤ ካልክ ና አለኝ። አልሄድኩም። ትምህርት አለኝ አልኩት።

ሲመለስ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አስያ አልወጣችም። ውሃ ያፈሰሰችልኝ ልጅቷ ናት።»

ሞተሩን እኔ በታተንኩት። ካርቡሬተሩን ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት፣ ሞተሩን በመዶሻ ሰባበርኩት። ግን ምን ዋጋ አለው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆኛለሁ። የአባቴን እግር ላሳርፍ ብዬ እግሩ የሚያርፍበትን ቤት አሳጣሁት።

ከዚያ በኋላ አባቴ አራት ዓመት ኖረ። አራቱንም ኢድ ሄደ፤ በመጨረሻው ዓመት የሦስት ሰዓቱ መንገድ ቀን ሙሉ ፈጅቶበታል። እማማ አስያ አንድም ቀን አልወጡም። እያንዳንዱን ጊዜ አብረን እንሂድ ይለኛል፣ እያንዳንዱን ጊዜ ምክንያት እፈጥራለሁ። ሊሞት ሲል የሚጠይቁት ሰዎች በገቡ ቁጥር በሩን ያይ ነበር። «ከሴቶቹ ማን አለ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። የሚፈልገውን ስም ስለማልጠራለት ዓይኑን ይመልሳል። ለቀብሩ ሼህ እድሪስ ሃያ ሰው አስከትለው መጡ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ግልገል በለስ ተመደብኩ፣ ከዚያ ቡለን፣ በመጨረሻ አሶሳ። ወደዚያ መንደር ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት አባቴ ከሞተ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእግሬ ሄድኩ። እማማ አስያ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ሐሩን የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገራቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አባቴን እንደጠሉት መሞቱ የእኔ ጥፋት ነው አልኩ። ሐሩን ተረጎመላቸው። ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ሐሩን እየሰማ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ እንዲህ ትላለች» አለኝ። «ዲንሳን አልጠላሁትም። በቁርአን ይቅር ብዬው ነበር። ለዓመታት እውነት ይቅር ያልኩት መስሎኝ ነበር። ያንን ድምፅ ስሰማ ግን አፌ እሱን ረገመ፣ ያውም በኢድ ቀን፣ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። መሐላዬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየት ፊቴ ልውጣለት? በዚያ እግሩ በመጣ ቁጥር ጓዳ ተቀምጬ ሳሉን እሰማ ነበር። ዛሬ ልውጣ፣ ዛሬ ልውጣ እያልኩ ሞተብኝ።»

እማማ አስያም ሼህ እድሪስም አሁን የሉም። አይነሣ የተባለውን ነገር ይኸው አንሥቼዋለሁ፤ የምወጣበት ወገን የሌለ ስለመሰለኝ አይደለም፣ ልጆቼ እንደ እኔ ሳያውቁ እንዳይኖሩ ነው። ሽማግሌዎቹ የሠሩት ክፉ አልነበረም። ያ ዝምታ ሁለት ቤት ለዓመታት በአንድ ገበታ አስቀምጧል። እኔም ብሆን በሞተሩ ጥፋት ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ አላወቅሁም ነበር።

ይቅር ያላልኩት ከዚያ ወዲህ ያሉትን አራት ዓመታት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አብሬው ብሄድ፣ ጓዳ ገብቼ እማማ አስያ እግር ላይ ብወድቅ፣ ለእኔ የተናገሩትን ለእሱ ይናገሩት ነበር። አንዳንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ «አባዬ፣ እማማ አስያ በራሳቸው አፍረው ነው እንጂ አልጠሉህም» እላለሁ፤ ሚስቴ ጸሎት ይመስላታል። አባቴ በታመመ እግሩ የሄደውን መንገድ እኔ በደህና እግሬ ፈራሁት።